ከጎታ ያወጣሁት ጥሪ

ስልኩ ሲጠራ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እያጠፍኩ ነበር። ድሬዳዋ ገና በጠዋቱ ይሞቃል፤ ልጄ ማራገቢያውን ከፍታልኝ ገበያ ወጥታለች። የደወለችው እህቴ ጥሩነሽ ናት፤ መንዝ፣ ጓሳ አፋፍ ሥር ካለው ከአባታችን ቤት ያልወጣችው ታናሼ።

«እታለም፣ ተቀምጠሻል?» አለችኝ።

በእኛ ዕድሜ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ «ለምን» አይባልም።

«ማነው?» አልኳት።

«አያ ደምሴ።»

«ታመው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልነካቸው። ሣር ሊያጭዱ ጓሳ ወጥተው ከገደል ተንሸራተቱ። ወዲያው አልሞቱም።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «ተጣሩ። ከጠዋት እስከ ቀትር ተጣሩ፣ እታለም።»

«ታዲያ ሰው አልሰማም?»

«ሰምቷል እንጂ! ያልሰማ የለም። ስልክ መስሎት ነው ያልወጣው።»

ሌላ ሰው ቢሆን «የምን ስልክ?» ይላል። እኔ አልጠየቅኩም። ጥሩነሽ «እታለም! እታለም!» ስትል እየሰማሁ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ያንን የአያ ደምሴን ድምፅ የሰው ስልክ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ከነመሥሪያ ቤቱ ማኅተም።

እንዴት እንዳስገባሁት የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያውቀውም ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ በዚህ ወረቀት ለመናገር ከሥራዬ መጀመሪያ መነሣት ግድ ሆነብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ሞላሌ ነው፤ በባህል ባለሙያነት። ስሙ ትልቅ ነው። ሥራው ግን አንድ ቴፕ ሪከርደር፣ አንድ ማይክራፎን፣ በቁጥር የሚሰጥ ባትሪ ድንጋይ እና የእግር ጉዞ ነበር። በየገጠሩ እየዞርን የሚዘፈነውን፣ የሚለቀሰውን፣ የሚፎከረውን፣ ጥጃ የሚጠራበትን ሳይቀር ቀድተን ማስቀመጥ ነው። ደመወዙ አንዳንዱን ወር ያደርሳል፣ አንዳንዱን አያደርስም፤ እሱን አላነሣውም። የመጀመሪያው አለቃችን «ሰው ሲያንጎራጉር ለመስማት ደመወዝ የሚከፈለው በእኛ አገር ብቻ ነው» እያሉ ይስቁብን ነበር። ሳቃቸው አያስከፋም፤ ለስብሰባ የሚወስዱትን ወንበራችንን አለመመለሳቸው ነው የሚያስከፋው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ሁልጊዜ እስከ ጆሯቸው ይከናነባሉ። የደጋ ነፋስ ማይክራፎን ውስጥ ሲገባ እንደ ጎርፍ ያጓራል፤ የዘፋኙን ድምፅ ይዞት ይሄዳል። ጋሽ መኩሪያ ከቤታቸው የበግ ፀጉር ባና ጫፉን ቆርጠው፣ እጥፍ አድርገው ሰፍተው፣ ለማይክራፎኑ ቆብ አበጁለት። ከዚያ ወዲያ ጓሳ አናት ላይ ቆመን ብንቀዳ እንኳ ድምፁ ቤት ውስጥ የተቀዳ ይመስል ነበር። «ባለቤቴ ባናውን አይጥ የበላው መስሏት ክረምቱን ሙሉ አይጥ ስታሳድድ ከረመች» ይሉኝ ነበር፤ «እኔም አብሬያት አሳድዳለሁ፤ ምን ላድርግ?»

ካሴት ላይ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይሄዳል፣ እርሳስ ግን አይከዳም ይላሉ። የሚጻፈው አራት ነገር ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። አራቱ ሳይሞሉ ካሴቱን ከቴፑ ማውጣት አይፈቅዱልኝም። አንድ ቀን መሽቶብን፣ ደክሞኝ፣ «ለምን» የሚለውን በኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ቦርሳ ውስጥ ብከተው ከመንገድ መለሱኝ።

«ጋሼ፣ ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ተጽፏል እኮ» አልኳቸው።

«ማንና የት ቢጠፋ ሰው ጠይቀሽ ታገኚዋለሽ። ለምን ከጠፋ ዜማው ወላጅ አጥ ነው። ያገኘው ሁሉ ያዘዋል።»

ዘመሮ ከተማ በነበርንበት ጊዜ ለአንድ በዓል የውድማ ዜማ ቅዱ ተብለን ተላክን። ወሩ ግንቦት ነው። ገበሬዎቹ ደግ ናቸው፤ «ችግር የለም፣ እንዘፍንላችኋለን» ብለው ባዶ ውድማ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ጋሽ መኩሪያ ማይክራፎኑን እንደ ተሸፈነ ይዘው ዙሪያውን አዩ።

«በሬዎቹስ?»

«በሬዎቹማ እርሻ ላይ ናቸው፣ ጋሼ።»

«እና ለማን ልትዘፍኑ ነው? ለእኔ? እኔ አበራያለሁ?»

ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኛም ባዶ እጃችንን ተመለስን፤ አለቃው ተቆጡ፤ በዓሉ ያለ ውድማ ዜማ አለፈ። በታኅሣሥ ተመልሰን ስንቀዳ አንዱ ገበሬ በሬውን እያወደሰ ዕንባው ይወርድ ነበር፤ ለካ በሬው አርጅቶ የመጨረሻ ውቂያው ኖሯል። ያን ካሴት እስከ ዛሬ በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የጋሽ መኩሪያን ልማድ ሕግ አድርጌ ይዤው ነበር። ነበር እላለሁ።

አያ ደምሴን ያገኘናቸው አስታ አምባ በምትባል መንደር ነው፤ ከጓሳ ሥር፣ ሸለቆው ጫፍ ላይ። ገበሬ ናቸው፤ ዘፋኝ አይደሉም። የታወቁት በጥሪያቸው ነው። በዚያ አገር ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ገደል ሲገባ፣ ምጥ ሲጠና፣ አንድ ድምፁ ጠንካራ ሰው አፋፍ ላይ ወጥቶ ይጣራል። «ድረሱ» ይባላል። ቃል ሸለቆ አይሻገርም፤ የሚሻገረው ዜማው ነው። ከደረት ይነሣል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ይሰበራል። ያንን የሰማ ሰው በእጁ የያዘውን ይጥላል፣ ላልሰማው ያሰማል፣ ይሮጣል። ማን ነው፣ ወዳጄ ነው ጠላቴ ነው አይባልም። ሰምቶ የቀረ ሰው እሳት የሚያጭረው ጎረቤት አያገኝም፤ ሲሞትም ቃሬዛውን የሚይዝለት ሰው ይለመናል። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ በድረሱ ጊዜ አንድ ገመድ ይጎትታሉ።

ጋሽ መኩሪያ ጥሪውን ልቅዳው ሲሏቸው አያ ደምሴ ሳቁ።

«እንዴ ጋሼ! አሁን ብጣራ እኮ አገሩ ማጭዱን ጥሎ ይመጣል። ምን ልላቸው ነው? የመኩሪያ ሳጥን ርቧት ነው ልበላቸው?»

ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ሆነው፣ «ጎታው ባዶ አይደል? አንገትዎን ይክተቱና ይጩኋ!» አሉ። ለቀልድ ነው ያሉት። ጋሽ መኩሪያ ግን ብድግ አሉ።

እንዲያው ሆነ። እህል የሚቀመጥበትን ትልቁን ጎታ ክዳኑን አነሣን፤ አያ ደምሴ ራሳቸውን እስከ ትከሻቸው ከተቱ፤ ማይክራፎኑን በጎናቸው አስገባነው፤ በላያቸው ላይ ባና፣ በባናው ላይ ጋቢ ደረብንባቸው። እትዬ ዘነቡ ደጅ ቆመው የሚሰማ እንደሆነ ያያሉ። ጠሩ። ደጅ ያለች ዶሮ እንኳ አልደነገጠችም። ጎታው ውስጥ ግን፣ በጆሮ ማዳመጫው፣ ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ የገብሱ አቧራ አፍንጫቸው ገብቶ ሦስት ጊዜ አስነጠሳቸው። እትዬ ዘነቡ «ይማርዎ!» ሲሉ ካሴቱ ላይ ይሰማል።

ጋሽ መኩሪያ «ለምን» በሚለው ፊት «ሰው ሲቸገር ሰው እንዲደርስለት» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ጨመሩ፦ «ከጎታ ውጪ አይሰማ»።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ይሄ ዜማ አይደለም፣ አስካለ። ደወል ነው» አሉኝ። «የቤተ ክርስቲያን ደወል ያለ ሰዓቱ ቢደወል ምን ይሆናል?»

«ሰው ይደነግጣል።»

«በመጀመሪያው ቀን አዎ። በአሥረኛው ቀንስ?»

ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ዓመት ቆይተው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያም አረፉ። ነፍስ ይማር። ካሴቶቹ ያሉበት የቆርቆሮ ሣጥን ቁልፍ ለእኔ ተረፈ።

ዘመኑ ተለወጠና ካሴቱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ የሚል ደብዳቤ መጣ። ከደብዳቤው ጋር ቅጽ አለ፤ ተራ ቁጥር፣ የዜማው ስም፣ ዓይነት፣ አቅራቢ፣ ርዝመት። «ለምን» የሚጻፍበት ቦታ የለውም። መጀመሪያ ላይ የተለየ ደብተር ይዤ ምክንያቱን እየጻፍኩ ነበር። ሣጥኑ እኩሌታ ሲደርስ ደብተሩ አለቀ፤ ሌላ አልገዛሁም። ሰው ጠንቃቃ ነሽ ይለኛል፤ ጠንቃቃ ማለት ቅጽ የማያበላሽ ማለት ከሆነ፣ ነኝ። ያን ካሴት ስደርስበት የጋሽ መኩሪያን እጅ ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አላየሁም አልልም። «ማን ሊሰማው ነው?» አልኩ በልቤ። የዜማው ስም፦ የጓሳ ጥሪ። ዓይነት፦ ባህላዊ ዜማ። ጥራት እንዲኖረው ብዬም ማስነጠሱን ቆረጥኩት። «ይማርዎ» የሚለውንም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ እንግዶች መጡ። ከአልፕስ ተራሮች አገር የመጡ አራት ሙዚቀኞችና ከአዲስ አበባ የመጡ የጃዝ ተጫዋቾች ናቸው። የእነሱ የተራራ ዜማና የእኛ የተራራ ዜማ ከጃዝ ጋር ተዋህዶ፣ ጓሳን ፊት ለፊት እያየ ሜዳ ላይ እንዲቀርብ ነው የታሰበው። እውነቱን ልናገር፣ ደግ ሰዎች ነበሩ። አኮርዲዮን የምትጫወተው ሴትዮ ከእኛ እረኞች ጋር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ ትበላለች። ሁለት ሰው ቁመት የሚያህል የእንጨት ቀንድ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሲነፋ መሬቱ ራሱ የሚናገር ይመስላል። የሴትዮዋ ድምፅ ከደረቷ ተነሥቶ ድንገት ወደ ራስ ይዘላል፣ ይመለሳል፣ ይዘላል። አገሯ ከተራራ ተራራ የሚጠራሩበት ነው አለን አስተርጓሚው።

ከገለበጥኩት ውስጥ አርባ ያህል አሰማኋቸው። የጓሳ ጥሪ ሲደርስ ሴትዮዋ አኮርዲዮኑን ከጭኗ አወረደች። ሳክስፎን የሚጫወተው የአዲስ አበባው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ድጋሚ አሰሙን አለ። ሦስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ በአክብሮት፣ ጠየቀኝ፦

«እትዬ፣ ይሄ ለምንድን ነው የሚባለው?»

የጋሽ መኩሪያ አራተኛ ጥያቄ ነው። በስተርጅና፣ በሰው አፍ፣ ፊቴ ቆመ። አለቃዬ አጠገቤ ናቸው፤ ፊታቸው በርቷል። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚያ ሣጥን የወጣ ነገር ሰው እንዲህ አድርጎ ሲሰማ አላየሁም ነበር። ሊቃውንቱ ውዳሴ ከንቱ የሚሉት ይህን ነው።

«ሰው ለመሰብሰብ ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ስንት ጊዜ ለራሴ ውሸት አይደለም ብያለሁ! አስተርጓሚው ሲነግራት ሴትዮዋ ሳቀች፤ «የእኛ ላም ለመሰብሰብ ነው፤ የእናንተ ይበልጣል» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አያ ደምሴን ከመንደር ያመጣኋቸው እኔው ነኝ። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው። ልምምዱን አዳራሽ ውስጥ በለሆሳስ አደረጉት። ሲያልቅ ወደ ጥግ ሳብ አድርገው፣

«አስኩ፣ ሜዳ ላይ ነው አሉ። ሰው ይመጣብናል» አሉኝ።

«አያ ደምሴ፣ በማይክ ነው እኮ። ከበሮ አለው፣ ሙዚቃ አለው። ሰው ያውቃል።»

«በነፋሱ ላይ ከበሮው የት ይደርሳል?»

«ግድ የለም።»

«መኩሪያ ጎታ ውስጥ ሲከተኝ እብድ ነው ብዬ ነበር» አሉ፤ ከዚያ፣ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብለው በትራቸውን አነሡ። አንቺ ካልሽ ነው ያሉት።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። የሰማሁትን አልክድም፦ ያማረ ነበር። የእንጨቱ ቀንድ ከሥር ያጉረመርማል፤ ሳክስፎኑ በላዩ እንደ ጉም ይንሳፈፋል፤ አያ ደምሴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መሐል ቆመው ጠሩ። ሴትዮዋ በራሷ አገር ድምፅ መለሰችላቸው። እንደገና ጠሩ። ድራም ገባ። ዜማው ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ሲሰበር ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ጠሩ፣ ጨብ ጨብ፤ ጠሩ፣ ጨብ ጨብ። ቆዳዬ ተሸማቀቀ፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት ያን ጊዜ አልለየሁትም።

ከዚያ ከወዲያ ማዶ ሰዎች መጡ።

መጀመሪያ ሦስት ወንዶች ናቸው፤ አንዱ መጥረቢያ፣ አንዱ ገመድ ይዟል። ከኋላቸው ልጅ ያዘለች ሴት፣ ከእሷ ኋላ መስቀላቸውን በእጃቸው የጨበጡ አንድ ቄስ፤ ምናልባት የሚናዘዝ ሰው ይኖራል ብለው ነው። ሸለቆውን ወርደው፣ ወጥተው፣ ላብ በላብ ሆነው ሜዳው ዳር ደረሱ። ሕዝቡ አያቸው። የዝግጅቱ ክፍል መሰሉት። አጨበጨበላቸው፤ ከትከት ብሎ ሳቀ፤ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። ቄሱ በቆሙበት ቀሩ።

ባለ መጥረቢያው አጠገቡ ያለውን ሰው፣ «ማነው የሞተው?» አለ።

«ማንም አልሞተ፤ ሙዚቃ ነው!»

ሰውየው መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠና ተንፍሶ እስኪበቃው ቆየ። «እንግዲያ ድረሱ ነዋ የሞተው» አለ።

አያ ደምሴ ሙዚቃው ሳያልቅ ከመድረክ ወርደው ከቄሱ እግር ላይ ወደቁ። «ይፍቱኝ አባቴ፣ ይቅር በሉኝ ወገኖቼ።» እኔ የት ነበርኩ? ከመድረኩ ጀርባ። የድምፅ ማጉያው ገመድ ተነቅሎ እንደሆነ የማይ መስዬ አጎንብሼ ነበር። አልወጣሁም። ወጥቼ «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው» ብል ያን ዕለት እዚያው ያልቅ ነበር።

አያ ደምሴን ወደ መንደራቸው ስሸኛቸው አልወቀሱኝም። «ይሁን፤ መምጣታቸውን አየን» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ስልኮቹ ግን ተናገሩ። ወር ሳይሞላ ያ ጥሪ የባጃጅ ሙዚቃ፣ የሠርግ መክፈቻ፣ የስልክ መጥሪያ ሆነ። ልጆች በየአፋፉ እየወጡ ይጠሩታል፤ ከማዶ ያሉት «ጨብ ጨብ» ያደርጉላቸዋል። ከቀዳሚት ገበያ ስመለስ የአንዲት ሴት ስልክ ከጉያዋ በአያ ደምሴ ድምፅ ሲጣራ ሰማሁ፤ አንስታ «ሃሎ» አለች። ያን ሳምንት ለቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪው ልናገር፣ ከቅዳሴ በኋላ «ይህ ዘፈን አይደለምና ተዉት» ተብሎ እንዲታወጅ ልለምን ቆረጥኩ። የሚመጣው እሑድ ነው አልኩ። እሑዱ ሲመጣ የሚቀጥለው አልኩ። ከተናገርኩ ማን ሰጣቸው ይባላል፤ ጡረታ መውጫዬ ነው፤ የምስጋና ወረቀቱ ተጽፎ ለፊርማ ቀርቧል። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ልጄ ድሬዳዋ ወልዳ ነበርና ላርሳት ብዬ ወረድኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

ጥሩነሽ ሌላውን የነገረችኝ በማግሥቱ ነው። ጓሳ ለሣር አጨዳ የተከፈተ ሰሞን ነው፤ ሰው በየጋራው ተበትኖ ያጭዳል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ጉሙ እጅ አያሳይም። አያ ደምሴና እትዬ ዘነቡ አብረው ወጡ። አያ ደምሴ ሸክሙን ሲያነሡ እግራቸው ከዳቸው፤ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ እንቅርታቸውን በቀዶ ጥገና ካወጡ ወዲህ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። ጥለዋቸው እንዳይሄዱ፣ በዚያ ጉም ሲመለሱ ቦታውን እንዳያጡት ፈሩ። የነበራቸው የባላቸው ድምፅ ብቻ ነው።

አያ ደምሴ ጠሩ።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከማዶ፣ ሁለት ጭብጨባ መለሰ።

እንደገና ጠሩ። ከሌላ ጋራ ጨብ ጨብ፤ ሳቅም ነበረበት ይላሉ። ዝናብ ከበረዶ ጋር መጣ። እስከ ቀትር ጠሩ። ጉሙ ሲገፈፍ ሣር ጭነው ሲወርዱ የነበሩ ሰዎች አገኟቸው፤ እትዬ ዘነቡ ጋቢያቸውን አውልቀው አልብሰዋቸው፣ እሳቸው በቀሚስ ብቻ ተቀምጠዋል። አያ ደምሴ መንገድ ላይ አረፉ።

አሁን እትዬ ዘነቡ በራቸውን ዘግተዋል። ለቅሶ የመጣውን አላስገቡም። ጎረቤቱ ሁሉ በተራ እየሄደ «አልሰማንም ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልሰማንም» ይላቸዋል። ሰው አፍሮ ነው እንዲህ የሚለው፤ ይገባኛል፤ የአፈረ ሰው ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ጭብጨባውን በጆሯቸው ሰምተዋል። ሰምቶ ያጨበጨበ፣ አጨብጭቦ አልሰማሁም የሚል ሰው ምን ይባላል? ጠላት ነዋ። አርባ ዓመት እሳት የተጫጫሩት ጎረቤት ባላቸው ሲሞት የሳቀ መስሏቸዋል። ሰንበቴያቸውን ትተዋል። ውሃ የሚቀዱት ሰው ከምንጩ ሲርቅ ጠብቀው ነው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደቱን ከሰጡኝ በኋላ፣ «ለእግዚአብሔር የሚነገረውን ነግረሻል፤ ለሰው የሚነገረው ይቀርሻል» አሉኝ። ጥሩነሽን ለምኜ ስልኩን በመስኮት እንድታቀብላቸው አደረግሁ። እንደ ክር የሳሳ ድምፅ መጣ፦

«አስካለ፣ ምን በደልናቸው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ካሴቱን፣ ቅጹን፣ «ሰው ለመሰብሰብ ነው» ማለቴን፣ ከመድረክ ጀርባ ማጎንበሴን። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ሰዉ ዘፈን መስሎት ነው። እኔ ነኝ ዘፈን ያደረግሁት» አልኳቸው።

«አንቺማ ሩቅ ነሽ፣ ልጄ» አሉ። «ያጨበጨበው ቅርብ ነው። ለእነሱ ብለሽ ነው እንዲህ የምትዪው።» ስልኩን ለጥሩነሽ መለሱት።

ስለዚህ የእኔ ኑዛዜ ለእሳቸው አይጠቅምም። ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ስሰበስብ የኖርኩ ሴት የራሴ ድምፅ የማይታመንበት ቦታ ደረስኩ። ሌሊት ስሰግድ ራሴን ምን ብዬ እንደምጠይቅ እግዚአብሔር ያውቃል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጓሳ ላይ የነበራችሁ ግን አላችሁ። ማን እንደሆናችሁ አልጠይቅም፤ በጉም ውስጥ ነበራችሁ፣ እርስ በርሳችሁም አልተያያችሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ወረቀት ለአገሩ ሁሉ አንብቡት። ነገር ግን እትዬ ዘነቡ ቤት ሂዱ። በአንድነት ተሰብስባችሁ አይደለም፤ አንድ አንድ እያላችሁ። «አልሰማንም» አትበሉ። «እማማ፣ ሰምቻለሁ። ዘፈን መስሎኝ ነው። ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ» በሏቸው። ላይከፍቱላችሁ ይችላሉ፤ በማግሥቱ ተመለሱ። የሚመልሱላችሁም ቢሆን በሹክሹክታ ነውና በሩ ድረስ ቅረቡ፣ እባካችሁ።